የማሽኑ አፍ

ትናንት የልጅ ልጄ በስልኩ ቼዝ ሲጫወት አየሁት። ጸጥ ብሎ ተሸነፈ፤ ጸጥ ብሎ ደግሞ ጀመረ። አባቴ ቢኖር «ይኼማ ለቅሶ ቤት ነው» ይል ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን የሄደው ወንድሜ ጎንደር ድረስ የቼዝ ማሽን ላከልን። ጠጠሩን ገበታው ላይ ጫን ሲያደርጉት ያስባል፤ ከዚያ በቀይ መብራት የራሱን ጠጠር የት እንደምናኖርለት ያሳየናል። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን።

አባቴ ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን የድሮ ቼዝ፣ የተማረው ከሽማግሌዎች ነው። በእነሱ ወግ ንጉሡን እያስጨነቁ ተጫዋቹንም በነገር መውጋት ግድ ነው፤ ተወጋሁ ብሎ መቆጣት ደግሞ ነውር። ማሽኑ ዝም ሲለው ጊዜ ተናደደ።

«ነይ እስቲ፣ አፍ ሁኝለት» አለኝ።

ቀና ብዬ የማላየውን አባቴን በማሽኑ ስም «አንተ ፈሪ፣ ፈረስህ አነከሰ እኮ!» እለው ጀመር። እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

በዚያው ክረምት ማትሪክ አልፌ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። አባቴ ግን አንድ ቀን የደንቢያን ጥቁር ጭቃ በጫማው ይዞ ከቆላ ድባ ተመለሰ። ለአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ሊድረኝ ቃል መስጠቱን ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ያኔ አባቴን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ማምሻውን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን ለጨዋታ ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀዩ መብራት በራ፤ የማሽኑን ፈረስ አንሥቼ አኖርኩና፣ «አንተ ሰው፣ ልጅህን ሳትጠይቅ ለሰው ሰጥተህ፣ እዚህ ለፕላስቲክ ንጉሥ ትጨነቃለህ?» አልኩ።

የአባቴ እጅ በቆሎው ላይ ቀረ።

«ይህን ያለው ማሽኑ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ትማር ነው የሚለው?»

«እንደሱ ነው የሚለው።»

በቆሎውን አስቀመጠ። «ምነው ታዲያ ቃሌን ሳልሰጥ አልነገረኝ?»

በማግስቱ ጭቃው ያልተጠረገ ጫማውን አጥልቆ ወደ ቆላ ድባ ተመለሰ። ቃሉን ማጠፍ ለእሱ ዓይነቱ ሰው ሞት ነው። እዚያ ምን ብሎ፣ ምን እንደተባለ እስኪሞት አልነገረኝም። መስከረም ላይ ግን ቦርሳዬን ራሱ ተሸክሞ አውቶቡስ አሳፈረኝ።

ለእረፍት ስመለስ ማሽኑን ከፈትኩት። ባትሪ ድንጋዮቹ ውስጡ ፈስሰው ዝገዋል።

«ምነው አባባ፣ አልተጫወቱበትም?»

«ከማን ጋር?» አለኝ።

ትናንት ይህ ሁሉ መጣብኝና ከልጅ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኩ ንጉሡን ሲያስጨንቅበት ጠብቄ፣ «አንተ ፈሪ፣ የት ልትገባ ነው!» አልኩት። ደንግጦ ቀና አለና ሳቀ። አባቴ ክፉኛ ናፈቀኝ።

«እማማ፣ ድገሚው» አለኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ እያስጠጋ።