ለባዝራዋ የጠረብኩት ኮርቻ

ፈረስ የሌለው ሰው ኮርቻ ማለት መቀመጫ ይመስለዋል። እኔ ግን ፈረስ በበዛበት በአገው ምድር ተወልጄ፣ ሚስት አግብቼም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ አንዲት ባዝራ ፈረስ ነበረችው። ኮርቻዋ አርጅቶ ተሰነጠቀ። ለጥር ጊዮርጊስ ምን ጭኜ ልጋልብ ብዬ ጠየቅሁት። እንግዛ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ እጅ የለህም ወይ አለኝ። ጀርባዋን አቁስለህ ካስገጠብካት ግን፣ እንኳን ለጊዮርጊስ፣ እኔ ቆሜ እስከሄድኩ ድረስ አትወጣባትም ሲል ጨመረበት። አባቴ ያለውን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። እኔም ያው የእሱ ልጅ ነኝ፤ እሺ ብዬ ተነሳሁ።

የነበረኝ አንድ መጥረቢያና አንድ ቢላዋ ነው። መሮ የለኝም። ቀዳዳውን በጋለ ብረት በሳሁ፣ ሸካራውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁ። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለስለትም ይታዘዛል። የፊቱንና የኋላውን ቅስት ከባላ ቅርንጫፍ አወጣሁ፤ ጀርባ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ሳንቃዎች ከግንዱ ጠረብኩ። የመጀመሪያው ሳንቃ በደንብ ሳይደርቅ ቸኩዬ ስጠርበው ተሰነጠቀብኝ። በምትኩ ያወጣሁትን እበት ውስጥ ቀብሬ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተውኩት። ከዚያ ሁሉንም በእርጥብ የቆዳ ጠፍር አሰርኩት፤ ጠፍር ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዛል።

ልኩን ያመጣሁት ከጎረቤታችን ከጭቃ ሹሙ ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለእንግዳ የሚያሳየው ኮርቻ ነበረው። ለምኜ ተዋስኩና በገመድ እየለካሁ፣ ስንዝር በስንዝር ገለበጥኩት። ሲያልቅ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል ብዬ ኮራሁ። ሚስቴ ዞራ ዞራ አየችውና፣ ለመቀመጫህስ ደህና አስበህለታል አለችኝ። ሣቅሁ።

ጭኜ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ። ሳወርደው በግራ ትከሻዋ በኩል ጠጉሯ ተፍቆ ቆዳዋ ቀልቷል። አባቴ መጥቶ በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ ሸሸች።

“ይኼ ገና መገጠብ አይደለም” አለኝ። “ነገ ግን ነው።”

ለጊዮርጊስ ሦስት ሳምንት ቢቀር ነው።

በማግስቱ ኮርቻውን ተሸክሜ አዲስ ቅዳም አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። በኮርቻ ሥራ ስማቸው የተጠራ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ጠፍር እያሹ ሲያለፉ አገኘኋቸው። ችግሬን ልናገር ስል እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ላዩን አላዩትም። ገልብጠው ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። የተነጋገርነው በአገውኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው እንዲህ ነው።

“የጭቃ ሹሙን ዳማ ፈረስ የት አገኘኸው?”

“ምን ዳማ አባቴ? የእኛ ባዝራ ናት እኮ።”

“ባዝራ አይደለችም። ይኼ ዳማው ነው። ቀኝ ጎኑ ሞላ ያለ ነበር። የእሱን ኮርቻ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሞተ ስንት ዓመቱ።”

ዳማው ሲሞት እኔ ልጅ ነበርኩ። ጅብ የበላውን ፈረስ ጀርባ ሰውዬው በመዳፋቸው አወቁት። እኔ ደግሞ በገመድ እየለካሁ፣ ሳላውቀው፣ የሞተ ፈረስ ጀርባ ጠርቤ ባዝራዋን አሸክሜያት ኖሯል። ይኸው ሸምግዬም ይገርመኛል።

ሽማግሌው ሣቁብኝ። ወይ ዳማውን አስነሳው፣ ወይ ሳንቃውን አስተካክል አሉኝ። ጥላሸት በቅቤ ለውሼ ጀርባዋን እንድቀባ፣ ኮርቻውን ጭኜ ጥቂት እንዳስኬዳት፣ አውርጄም የጠቆረውን ቦታ ብቻ እንድፍቅ አስተማሩኝ። ጥላሸቱ ሳንቃውን ሁሉ እኩል እስኪነካ ድረስ ድገመው አሉ።

ቅላቷ እስኪጠፋ አሳረፍኳትና ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠቆረው እንደ አውራ ጣት ያህል ቦታ ነው። ፋቅሁት። እንደገና ጫንኩ፤ ጥቁሩ መዳፍ አከለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሣር ያጨድኩላትን ባዝራ ያወቅኋት ያን ጊዜ ነው። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ይበልጣል፤ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ስትተነፍስ ጀርባዋ ከፍ ይላል። ስትራመድ የትከሻዋ አጥንት ከሳንቃው ሥር ይመጣል፣ ይሄዳል። ለዚያም ቦታ ተውኩለት። ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልቆጠርኩም። አንድ ጠዋት ሳወርደው ሁለቱም ሳንቃዎች ከዳር እስከ ዳር ስስ ጥቁር ለብሰዋል። ቢላዋዬን አስቀምጬ አየሁት። አምላክ የሠራውን ጀርባ እንጨት ላይ ማየት ያስፈራል።

የጊዮርጊስ ዕለት ስንጋልብ ዋልን። ስለ ግልቢያው አልተርክም፣ ሁሉም ጋልቧል። ማታ ልንመለስ ስንል አባቴ መጣና በገዛ እጁ ኮርቻውን አወረደ። በሁለቱም በኩል ላቧ እኩል ወጥቷል፣ ጠጉሯ ተኝቷል። በጣቱ ጫን ጫን አደረጋት። እሷ ሣሯን ትነጫለች። ኮርቻውን ገልብጦ ሆዱን ዳሰሰ፤ ብዙ ቆየ። እኔ ፍርዴን እጠብቃለሁ።

መልሶ ጫናት፤ ማሰሪያውን አጠበቀ። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

“እርካቡን ያዝልኝ” አለኝ።

ያዝኩለት። ወጣና ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ወደ ቤትም መንገድ ጀመረ። እኔ፣ የኮርቻው ባለቤት፣ እስከ ደጃችን ድረስ በእግሬ ተከተልኩ።