ሽሮ የሚባለው እባብ አልበላም ያለ ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የቴክኒሻኖቹ አለቃ ጁዲ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እባብ ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። «አላውቅም፤ ቀርቤ አይቼ አላውቅም» አልኳት። ሳቀችና ባልዲና መወልወያ ሰጠችኝ።

በፈረንጅ አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚባል ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መሸጫ አጠገብ ያለ ትንሽ የእንስሳት ሐኪም ቤት ነበር። ውሻና ድመትማ ሁሉም ያክማል። የእኛ ኤሊም፣ በቀቀንም፣ እንሽላሊትም፣ እባብም ይቀበል ነበር። እኔ ከዚያ በፊት ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። አልጋ ሲያነጥፉት ዝም ነው፤ እዚህ ቢያንስ የሚነክስ ነገር አለ ብዬ ነው የተቀጠርኩት።

ማዕረጋችን እንዲህ ነበር። ከታች ኬጅ፣ ማለትም የእንስሳቱን ማቆያ፣ አጣቢ፣ ቀጥሎ እንስሳ የሚይዝ ረዳት፣ ከዚያ ቴክኒሻን፣ ከሁሉም በላይ ዶክተር። እኔ ኬጄን አጥቤ ስጨርስ ከጁዲ ኋላ እየቆምኩ እጇን አያለሁ። እባብ የሚመዘነው በትራስ ጨርቅ ውስጥ ነው። ይገባና የጨርቁ ጫፍ ይቋጠራል፤ በግራም ሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ የባዶው ጨርቅ ክብደት ይቀነሳል።

አንድ ቀን ጁዲ «እስቲ ያዢው» ብላ አንዱን እጄ ላይ አደረገችው። እርጥብና የሚያሙለጨልጭ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ደረቅ ነው፤ እንደ አዲስ ቀበቶ። የዓይን ቆብ ስለሌለው ተኝቶም ዓይኑ እንደተከፈተ ነው። ጆሮ ባይኖረውም ሰው ሲራመድ ወለሉ የሚንቀጠቀጠውን በሰውነቱ ይሰማል። ይህን ሁሉ እራት ላይ ለባሌ ስተርክለት እጄን መታጠቤን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ «እንስሳት ሐኪም ቤት» ብዬ አልፋለሁ፤ የትኞቹ እንስሳት ካላሉኝ አልዘረዝርም። አንዲት እህት ግን አጣርታ ደረሰችበትና እጄን ይዛ ረጅም ጸሎት ጸለየችልኝ። አሜን ብዬ በማግስቱ ሥራዬን ገባሁ።

ረዳት ከሆንኩ በኋላ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው ጋሼ ሃብቶም የመጡት። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሆፕኪንስ በሚባለው ጎረቤት ከተማ ረጅም ጊዜ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። በደረታቸው የሽርሽር ኩለር፣ ክዳን ያለው የምግብ ሳጥን፣ አቅፈዋል። «አማርኛ የምትችይው አንቺ ነሽ?» ብለው ኩለሩን ከፈቱት። በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ነበር፤ ከአጠገቡ አንድ ቡናማ ትንሽ እባብ።

ካርድ ላይ ለመጻፍ ስሙን ጠየቅኋቸው።

«ሽሮ» አሉ፣ ፊታቸውን ዞር አድርገው። «እኔ አይደለሁም ያወጣሁለት። ልጄ ሰናይት ናት፣ ቀለሙን አይታ። በጾም የምንበላውን ነገር ለእባብ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሰናይት እናት ካረፈች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። ሰናይት በዚያ ዓመት ሌላ ከተማ፣ ማዲሰን፣ ኮሌጅ ገባች። ዶርም ውስጥ እንስሳ ስለማይፈቀድ ሽሮን ለአባቷ ትታ ሄደች። ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ሽሮ አንዲት አይጥ አልቀመሰም።

ዶክተራችን ሊን ትባላለች፤ ረጅም ናት፣ ስታስብ ታፏጫለች። የእባብ አፍ የምትከፍተው በእኔ የስልክ ካርድ ነበር። አዲስ አበባ ደውዬ ሲያልቅብኝ ለእሷ አመጣላታለሁ፤ ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ መንጋጋ አይጎዳም። የሽሮን አፍ አየች፤ ንጹሕ ነው። በቅርፊቱ መሃል መዥገር ፈለገች፤ የለም። ኩሱን በማይክሮስኮፕ አየች፤ ትል የለም። ጀርባው ግን መሃሉ ላይ አጥንቱ ሾሎ ወጥቷል። የጠገበ እባብ ጀርባ ክብ ነው፤ የሽሮ የቤት ጣራ መስሏል።

«ሙቀቱስ?» አለች። ጋሼ ሃብቶም ቴርሞሜትር ገዝተዋል፤ ልክ ነው። የአይጡ መጠን? ልክ ነው። ዶክተር ሊን አፏጨች። «በሽታ አላገኘሁበትም። እነዚህ እባቦች ልጅ ሳሉ ድንጉጥ ናቸው። መደበቂያ ሳጥን ይስጡት፣ በሳምንት አንድ አይጥ ያቅርቡለት፣ አይረብሹት። መክሳቱን ከቀጠለ በቱቦ እንመግበዋለን። ለደከመ ትንሽ እባብ ግን ቱቦው ራሱ አደጋ አለው፤ የማይቋቋመው አለ።»

እንግሊዝኛ ቢችሉም ነገሩን ሁሉ በአማርኛ ደገምኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ተመልሰው ሲመጡ ሽሮ የባሰ ቀሎ ነበር። ጁዲ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ረብሸውት ይሆን?» አልኳቸው።

«እኔ? ኧረ በፍጹም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንኳ አላናገርኩትም» አሉ።

ዶክተር ሊን ለቱቦው ቀጠሮ ያዘች። ጋሼ ሃብቶም ኩለሩን አቅፈው ሊወጡ ሲሉ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። «ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «በሳምንት አንዴ ትደውልልኛለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሽሮ በላ ወይ ብላ ነው። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ እንጣላለን፤ ስለሱ ስናወራ አንጣላም። እየበላ ነው እላታለሁ። ለፈረንጆቹ ታንክስጊቪንግ በዓል ትመጣለች። እሱ ከሞተ ከዚያ በኋላ ምን ብላ ትደውላለች?»

እኔ ለእባቡ ነበር የማስበው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሁለቱም ማሰብ ጀመርኩ።

የደንበኛ ቤት መሄድ የእኛ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ነገሩ አላስቀምጥ ስላለኝ ዶክተር ሊንን ጠየቅኋት። «በእረፍት ቀንሽ የትም መሄድ ትችያለሽ» አለች። «ያየሽውን ግን ንገሪኝ፤ እኔንም እያሳሰበኝ ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በአውቶቡስ ሆፕኪንስ ሄድኩ። አፓርታማው ንጹሕ፣ ሙቅ ነው። ጋሼ ሃብቶም ፓስታ በሥጋ ሱጎ ሠርተው ጠበቁኝ። በልቻለሁ ብላቸው ማን ሊሰማኝ። «ብልዒ ጓለይ፣ ብልዒ። በሞቴ።» ጨረስኩ ስል ጨመሩልኝ። ሳህኑን በእጄ ብሸፍነው ጣቶቼን አንስተው ጨመሩልኝ። እሳቸው አልተቀመጡም፤ ከላዬ ቆመው ሹካዬን ይከተላሉ።

የሽሮ የመስታወት ሳጥን እዚያው ምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር፣ ከመብራቱ ሥር፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን። ብቻውን እንዳይሆን ነው አሉኝ። መደበቂያ ሳጥኑም አለ፤ ግን ውስጡን ማየት እንዲችሉ ክዳኑን ቆርጠው ጥለውታል። ሽሮ ጭንቅላቱን መሃል ቀብሮ እንደ ኳስ ተጠቅልሏል።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚተኛው» አሉ።

ከዚያ የመስታወት ሳጥኑን ክዳን ከፈቱ። የሞተች አይጥ በመቆንጠጫ ይዘው ጎንበስ አሉና በዚያው በእኔ ድምፅ፣ ማለቴ እኔን በለመኑበት ድምፅ፣ «ብላዕ ሽሮ፣ ብላዕ በጃኻ» አሉት፤ ብላ እባክህ ማለታቸው ነው። አይጧን ወደ አፉ ያስጠጋሉ፤ እሱ ይበልጥ ይጠቀለላል፤ እሳቸው ይበልጥ ያስጠጋሉ። ገባኝ።

«ጋሼ፣ ይህን በቀን ስንት ጊዜ ያደርጉታል?»

«እኔ በበላሁ ቁጥር። አጠገቤ ተርቦ እያየሁት ብቻዬን እንዴት እበላለሁ?»

«ዶክተሯ አይረብሹት ብላ ነበር እኮ።»

«ይሄ ምኑ ነው ረብሻ? እየለመንኩት ነው!»

ምን ይባላል? አሁን ሁለት ሳህን ያስበሉኝ ሰው ናቸው። በእኛ ቤት ምግብ አቅርቦ ዞር የሚል ሰው ስስታም ነው፣ ወይም ተቀይሟል። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ለዚህ ፍጥረት ከላዩ መጥቶ የሚያጎነብስ ትልቅ ነገር ሁሉ ሊበላው የመጣ ነው። ኳስ የሚሆነው ተኝቶ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።»

መቆንጠጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እኔን ነው የሚፈራው?» አሉ። ዓይናቸውን ሳይ ባልተናገርኩ ብዬ ተጸጸትኩ።

ሳጥኑን አንስተን ሰናይት ክፍል ወሰድነው። መጋረጃውን ዘጋን። ከጫማ ካርቶን ክዳን ያለው መደበቂያ ሠራሁ፤ ሽሮ የሚያልፍባት ትንሽ በር ብቻ ቀደድኩለት። የሚያሞቀውን ምንጣፍ ከአንድ ወገን ብቻ አደረግሁት፤ ሲሞቀውም ሲበርደውም መሸሻ እንዲኖረው። ከዚያ አሠራሩን አስረዳኋቸው። ከሱቅ በረዶ ሆኖ የሚመጣውን አይጥ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፤ ሙቀቱ የሕያው አይጥ ሲመስል ማድረቅ፤ ከመደበቂያው ደጃፍ ማስቀመጥ፤ በሩን ዘግቶ መሄድ። እስከ ጠዋት ማየት የለም። ካልበላ አይጡን መጣል፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዝም ማለት።

«እኔስ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

«ክፈት ክፈት ሲልዎት ለእኔ ይደውሉ።»

ይህን ያልኩት ለማጽናናት ነበር፤ እሳቸው እንደ ትእዛዝ ያዙት። ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ልክፈት?» «አይክፈቱ ጋሼ።» «ቀስ ብዬ በቀዳዳ ልይ?» «አይዩ።» ከደንበኛ ጋር በሆንኩበት ጊዜ ጁዲ ታነሳና በማይታመን አነጋገር «አይክፈቱ» ብላ ትዘጋዋለች። ከአማርኛ የምታውቀው ቃል እስከ ዛሬ ያ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው አይጥ ሳይነካ አደረ። ጋሼ ሃብቶም ጠዋት ሲደውሉ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ይኸው፣ ተውኩት። ስተወውም አልበላም» አሉ። ለዶክተር ሊን ነገርኳት። ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስወራችኝና፣ ስለ ፓስታው ሳይቀር፣ ትንሽ አፏጨች። «የቱቦውን ቀጠሮ አልሰርዝም» አለች። «ግን ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት አለን። በሩን ጭራሽ አይክፈቱት።» ያን ሳምንት እኔም ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

ሁለተኛውን አይጥ ባስቀመጡ ማግስት ገና ኮቴን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«አይጡ የለም» አሉ ጋሼ ሃብቶም።

«የለም ማለት?»

«ጠፍቷል። ከአልጋ ሥር ፈለግሁ። ከምንጣፍ ሥር ፈለግሁ። የትም የለም።»

«ጋሼ፣ በልቶት ነዋ።»

«ማንም ሳያየው?» አሉ። ሲበላ ለማየት ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቀው ማጣታቸው ትንሽ አስከፍቷቸዋል። እኔ ግን ከጠረጴዛዬ ተነስቼ ለጁዲ ነገርኳት፣ ጁዲ ወደ ኦፕሬሽን ክፍሉ ሮጠች፤ ዶክተር ሊን የድመት ጥርስ እየነቀለች ስታፏጭ ሰማናት።

የበላ እባብ ከተነካ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ለመመዘን ቸኩለው እንዳያመጡት ከለከልኳቸው። ቆይቶ አንዴ ደገመ። ሦስተኛውን በልቶ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ኩለራቸውን አቅፈው መጡ። ጁዲ በትራስ ጨርቁ መዘነችው፤ ጨምሯል። ዶክተር ሊን አስተላልፋው የነበረውን የቱቦ ቀጠሮ ሰረዘች። ጋሼ ሃብቶም ኮፍያቸውን አውልቀው «ትናንት ስትደውል በልቷል አልኳት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ» አሉኝ።

ከታንክስጊቪንግ በኋላ ብቻቸውን መጡ። ኩለሩን አልያዙም። ሰው እስኪቀንስልኝ ጠብቀው ወደ ጠረጴዛዬ ተጠጉ።

«መጣች» አሉ። «ሽሮን አቅፋ ወፍሯል አለች። ለእሷም ጥብሱን፣ ፓስታውን፣ የፈረንጁን ተርኪ ዶሮ ሳይቀር ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩላት። ከዚያ ያስተማርሽኝን አደረግሁ። ብዪ አላልኳትም። ዞር ብዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ያዝኩ።»

«በላች?»

«ሹካዋን አስቀመጠች። 'ዳድ፣ አር ዩ ማድ አት ሚ?' አለችኝ።»

አባዬ፣ ተቀይመኸኛል እንዴ ማለቷ ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ጋዜጣውን ጥዬ ተነሳሁና አጎረስኳት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ጉርሻ እምቢ የምትል ልጅ አፏን ከፍታ ተቀበለችኝ። 'ዋን ሞር' አለች ደግሞ፣ ድገመኝ ስትል።»

ከዚያ ወዲያ ቴክኒሻን ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ የማይበሉ እባቦች አይቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሙቀቱ አልነበረም፤ ምግቡን ሲሰጡት የት እንደሚቆሙ ነበር። አዲስ ለሚቀጠሩትም የምለው ይህንኑ ነው። የፈራ እባብ የሚበላው ሲተዉት ነው። ሰው ግን ሲተዉት የተቀየሙት ይመስለዋል።