ማመልከቻ ያላስገባችው ጎበዝ ልጅ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እገባለሁ ያልኩ ቀን አባቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋው። አባቴ ኳስ እያየ ቴሌቪዥን የሚዘጋ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩ ከባድ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ኮሌጅ?» አለ። «ዩኒቨርሲቲ እያለ?»

«አባዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ እኮ ነው። የሳይንስ ዲግሪውን እይዝና ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አደርጋለሁ።»

«ካልተቀበሉሽስ?»

እውነቱን ለመናገር፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ዳላስ አጠገብ ባለችው ኧርቪንግ ውስጥ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የወሰንኩት በእቅድ ሳይሆን በፍቅር ነው። ኮሌጁን ልጎበኝ ሄጄ የኬሚስትሪ ላብራቶሪውን አሳዩኝ። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ቢከር የሚባለውን የላብራቶሪ ብርጭቆ የማውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። እዚህ መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነተኛ ብርጭቆ! «መንካት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኩ። አስጎብኚዋ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ብገባ ስታዲየም በሚያክል አዳራሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ በዚያች እንግሊዝኛዬ ማን ይሰማኛል? እዚህ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቢከር እይዛለሁ። አለቀ።

አባቴ ኤርፖርት አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር። ቤተክርስቲያን ሰዎች «ልጅህ የት ገባች?» ሲሉት «ትማራለች» ብሎ ወሬውን ወደ ሙቀቱ ያዞረዋል። ዳላስ ደግሞ ስለ ሙቀት የሚወራ አያጣም። እሱ አንድም ቀን ኮሌጁን ረግጦ አያውቅም። እኔም አልጋበዝኩትም፤ ምክንያቱም ካልተቀበሉኝ ዕድሜ ልኩን ትክክል ይሆናል። የአባቴን ትክክል መሆን ደግሞ አልችለውም።

ሁለቱ ዓመት በደስታ በረረ። ማመልከቻዬን ላክሁ፣ ኮሌጁም ትራንስክሪፕቴን ላከ። ከዩኒቨርሲቲው ግን «የኮሌጅ ውጤትሽ አልደረሰንም» የሚል ደብዳቤ መጣ። በድጋሚ አስላክሁ። በድጋሚ ያው ደብዳቤ መጣ። የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከኮሌጁ የሕዝብ ስልክ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደወልኩ።

«ያንቺ አልደረሰም» አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። «የሚገርመው ግን ካንቺው ኮሌጅ የስምሽ ሞክሼ የሆነች ተማሪ ውጤት ሁለት ጊዜ ደርሶናል። በጣም ጎበዝ ናት! በኬሚስትሪ በተለይ። እሷ ደግሞ ማመልከቻ አላስገባችም፤ እየጠበቅናት ነው።»

«ማን ትባላለች? ሙሉ ስሟን ማለቴ ነው።»

«የተማሪ ሚስጥር ነው፣ አልነግርሽም።»

ስልኩን ስዘጋ በቅናት ብግን ብያለሁ። ሌላ ሐበሻ፣ በእኔ ስም፣ በእኔ ኮሌጅ፣ በእኔ ኬሚስትሪ? ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግኳት። ላይብረሪውን አሰስኩ፣ ካፌቴሪያውን አሰስኩ። አንዷን ከኋላዋ ሐበሻ መስላኝ እስከ ፓርኪንግ ድረስ ተከተልኳት፤ ዞር ስትል ሜክሲኳዊት ናት። ሳገኛት ምን እንደምላት ሳይቀር ተዘጋጅቼ ነበር፦ «አሃ፣ አንቺ ነሽ?»

በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «እኔን ቀብራ ማመልከት የረሳች ደንባራ!» አልኩ።

አባቴ ማንም የእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«የማን ልጅ ናት?»

አላውቅም ልል አፌን ስከፍት ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ኮሌጁ የመዘገበኝ ከአዲስ አበባ ባመጣሁት ሰርተፍኬት ነው፦ ስሜ፣ ቀጥሎ የአባቴ ስም። የዩኒቨርሲቲው ፎርም ግን «በግሪን ካርድሽ ላይ እንዳለው» ይላል። ግሪን ካርዴ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው፤ አሜሪካ ስንገባ የቤተሰቡን ሁሉ የመጨረሻ ስም እንደ አባቴ የአያቴን አድርጎ የጻፈው የኤርፖርቱ ሰውዬ ነው።

«ያንተ!» ብዬ ጮህኩ። «ያንተ ልጅ ናት!»

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረች።

«የኔ ምን?» አለ አባቴ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ።

ማስረዳት አቃተኝ፤ ሳቁ ትንፋሽ ነሳኝ። እናቴ ግን ነገሩ ጥርት ብሎ እስኪገባት ድረስ ጭልፋዋን አላስቀመጠችም።

በነጋታው አባቴ ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሮ ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነዳን። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ፊት መንጃ ፈቃዱን፣ ግሪን ካርዳችንንና ሰርተፍኬቴን ደረደረና በሚችላት እንግሊዝኛ አስረዳት፦ «የመጀመሪያው ስም የሷ፣ ሁለተኛው የኔ፣ ሦስተኛው የአባቴ።»

«ታዲያ የቤተሰቡ ስም የትኛው ነው?» አለች።

«የለንም» አለ አባቴ፣ በኩራት።

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ሁለት ፋይል አወጣች፤ ባንዱ እኔ ያለ ውጤት፣ በሌላው ውጤቴ ያለ እኔ። አንድ ላይ በስቴፕለር መታቻቸው። ያቺ ጎበዝ ልጅ እኔው በመሆኔ የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም! መልሱ ግን ገና ነው፤ በደብዳቤ እናሳውቃለን አለችን።

አንድ ወር አለፈ። ላብራቶሪ ውስጥ ሆኜ በሩ ተከፈተና አባቴ የሻትል ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ቆሞ አየሁት። ያለ መከላከያ መነጽር መግባት ክልክል ስለሆነ በር ላይ ሰጥተውታል፤ ያን ትልቅ የፕላስቲክ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቅኖ በእጁ የተቀደደ ፖስታ ይዟል።

«ተቀበሉሽ!» አለ በአማርኛ፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ። «ተቀበሉሽ እኮ!»

ተማሪው ሁሉ ምንም ሳይገባው አጨበጨበ። እኔ እዘላለሁ። ሽማግሌው የኬሚስትሪ አስተማሪያችን፣ ተማሪውን በሙሉ በመጨረሻ ስሙ የሚጠራው፣ መዝገቡን አስቀምጦ እጁን እየዘረጋ ወደ አባቴ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን በጠራበት ስም «ሚስተር» ብሎ ጠራው።

አባቴ የተዘረጋውን እጅ ሳይጨብጥ ቆመ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሚስተር የተባለው በሥራ ቦታም፣ በባንክም፣ በሐኪም ቤትም በሟች አባቱ ስም ነው። ሚስተር ብለው በራሱ ስም ሲጠሩት ያ የመጀመሪያው ነበር።

«አቤት» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ።