ከማውሱ ሥር የተነጠፈው ዳንቴል

ዛሬ ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ አልታዘዝ ያለውን ማውስ አንሥቶ እፍ አለበት፤ ቀጥሎም በጠረጴዛው ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታው። ሰው ያልገባውን ዕቃ በዱላ ለማረም የሚነሣበትን ምክንያት እስካሁን አልደረስኩበትም። ትዕይንቱ ግን ሃያ ዓመት ወደ ሞላኝ መስከረም መለሰኝ።

ያኔ የካ ውስጥ፣ ከአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማዶ ባለ ጠባብ ሱቅ አቤቱታ እተይብ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው አየር እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ዕቃ ራቁቱን እንዳይታይ የተሳሉ ይመስል ኮምፒውተሩንም፣ ማተሚያውንም፣ ስልኩንም በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ያለብሱ ነበር። በዚያ ዓርብ ደግሞ አዲስ ነጭ ዳንቴል ከማውሱ ሥር አነጠፉ።

ከምሳ በኋላ አቶ ታፈሰ መጡ። በላምበረት መናኸሪያ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የእንጦጦን ዳገት ታክከው የሚኖሩ ሰው ናቸው። የግቢያቸው ግማሽ ለጎረቤት ተወስኖ ነበርና ይግባኛቸው በዚያው ዕለት፣ ማዶ ያለው ጽሕፈት ቤት ሳይዘጋ መግባት ነበረበት። ሦስት ገጽ ተይቤ ጨረስኩ። ላትም ስል የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ እንደ ፌንጣ ከጥግ ጥግ ትዘል ጀመር።

እትዬ ዘነቡ የእኅታቸውን ልጅ ሳምሶንን አስጠሩ። የሦስት ወር ኮርስ ወስዶ ራሱን ኢንጂነር ብሎ የሾመ ሰው ነበር። «ፈላስፋው፣ ወንበሩን ልቀቅ» አለኝ፤ መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ ያወጣልኝ ስም ነው። ከዚያም የሐኪም ፊት ለብሶ፣ «አክስቴ፣ ይሄ ቫይረስ ነው፤ ዊንዶውሱን በልቶታል። ፎርማት እናድርገው» አለ።

አቶ ታፈሰ ጽሑፋቸው ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ሳምሶን፣ ሲስተሙ ሲድን አብሮ ይድናል አላቸው፤ ፎርማት ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ነው።

ጥፋቱ የዳንቴሉ ቀዳዳዎች መሆኑን አውቅ ነበር፤ ማውሱ በሆዱ ብርሃን የሚያየው ወለል ልሙጥ መሆን አለበት። ሁለት ቁልፍ ብቻ ተጭኖ ያለ ማውስ ማተም እንደሚቻልም አውቅ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እትዬ ዘነቡ በደንበኞች ፊት፣ «አንተ መጽሐፍህን ያዝ፣ ሥራውን ለሚያውቁት ተው» ብለውኝ ስለነበር፣ ሳልጠየቅ ላልናገር ምዬ ነበር። እጄን አጣጥፌ ድንቁርና በሙሉ ክብሩ ሲሠራ ተመለከትኩ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ይግባኙ ጠፋ፤ ቀስቷ ግን መዝለሏን አልተወችም። ሳምሶን ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ማለት ሲጀምር፣ የሞተ አይጥ እንደሚነሣ ዳንቴሉን በሁለት ጣቴ አነሣሁት። ቀስቷ ቀጥ ብላ ሄደች።

እንደገና ተየብኩ። አቶ ታፈሰ ወረቀቱን ይዘው ጭቃውን ተሻገሩ፤ ወዲያውም ተመለሱ። በሩ ተዘግቷል።

«ልጄ፣ ጨርቁ እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳቸው። አድናቆት ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

«እነሱስ ስላላወቁ ነው» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የግቢያቸው አጥር ወደ ውስጥ መግባቱን፣ ግማሹም ለጎረቤቱ መሰጠቱን ሰማሁ።

ሳምሶንን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ይገባዋልም። በማርያም ዕለት ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን በዚያ አጥር ላለማለፍ ረጅሙን መንገድ እይዛለሁ። ለምን እንደምዞር ለሚጠይቀኝ፣ ለጤናዬ ነው እላለሁ።