የጡረተኞቹ ወፍጮ

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐርጌሳ እንደገና ተኩስ ሲነሳ፣ እኔ ኮድቡር በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ግንበኛ ነበርኩ። ከምሠራበት ቤት ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸውን አላውቅም። በመርከብ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ካፖርታቸውን አያወልቁም። ከጓደኞቻቸው ጋር የጡረታ ገንዘባቸውን አዋጥተው የናፍጣ ወፍጮ ተክለዋል፤ ሰፈሩ ማሽላውን የሚያስፈጨው እዚያ ነው።

መቀመጥ አይችሉም። የወፍጮውን ቀበቶ ይዳስሳሉ፣ በር ላይ ወጥተው ተኩሱ ወዳለበት ወደ አየር ማረፊያው ያዳምጣሉ፣ ተመልሰው ዘይት ያያሉ።

«አባባ፣ ሸጣችሁ ብትካፈሉት አይሻልም?» አልኳቸው።

ጅግጅጋ በስደት ሳሉ በለመዱት አማርኛ፣ «ብንካፈለው በሦስት ወር በልተን እንጨርሰዋለን። ይሄ ግን እኛ ብንሞትም ይፈጫል» አሉኝ።

አንድ ጠዋት ከባድ መሣሪያው ቀረበ። ሞተሩን አብረን ፈታንና ወደ ጅግጅጋ በሚሸሽ የጭነት መኪና ላይ ጫንነው። ሾፌሩ ሞተሩ ያረፈባት ቦታ የመጨረሻዋ መሆኗን አይቶ፣ «ወይ እሱን ወይ እርስዎን» አላቸው።

«ሞተር እግር የለውም፤ እኔ አለኝ» አሉት።

መኪናው ሲነሳ ከኋላው በእግራቸው ተከተሉት።