ካርታውን የሚያድለው ሰውዬ

እኔ አልጋ በማነጥፍበት የላሊበላ ሆቴል አንድ እንግዳ ማንጋ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ረስቶ ሄደ። ስለ ካርታ ጨዋታ ነው። ጽሑፉን ባናውቅም ከዘበኛው ከአያ ሰጠኝ ጋር ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ እያየን ጨረስነው። ካርታ የሞላው ጎልማሳ ለተጫዋቾቹ ሁሉ ያድላል፤ በሰጠ ቁጥር ልጅ እየሆነ ሄዶ በመጨረሻ ባዶ እጁን እናቱ ጉያ ይገባል። አያ ሰጠኝ ይህን ደግ ሰው ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።

ትናንት የመጣች ጃፓናዊት ግን ሳቀች። መጽሐፉን እሷም ሰምታው አታውቅም፤ የሚነበበው ግን ከቀኝ፣ እኛ መጨረሻ ካልነው ጀምሮ ነው አለች። እንደገና አየነው። ለካ ልጁ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ የሰውን ካርታ እየጠራረገ ነው የሚያድገው!

አያ ሰጠኝ መጽሐፉን ነጠቁኝ።

«እሷ በፈለገችው በኩል ታንብበው። በእኛ በኩል ሰውዬው ደግ ነው፤ አታበላሹብኝ!»