እጇ ሥራ ሲያገኝ

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። አንዲት ደንበኛ ዝንጅብል ብትጠይቀኝ ጨው መዘንኩላት። «አቶ ዳልቄ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» ብላ ሳቀችብኝ። በሶዶ ገበያ ዋጋ ወጣ ወረደ ብሎ የማይደነግጥ ነጋዴ እየተባልኩ የምታወቅ ሰው ነኝ... ዛሬ ግን ወንበሩ አላስቀምጥ አለኝ።

ልጄ ታደለች የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ተቀምጣለች። ችግሩም እሱ ነው... መቀመጡ።

ታደለች ሰነፍ አይደለችም። ክፍል ውስጥ ግን እርሳስ ትቆረጥማለች፣ እግሯን ታወዛውዛለች፣ በመስኮት የሚያልፈውን በቅሎ ሁሉ በዓይኗ ትሸኛለች። መምህሩ አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ሌላ አገር ደርሳለች። አምና የዓመቱን ፈተና ግማሹን ሠርታ ወረቀቷን አስረክባ ወጣች። ለምን ስላት «ዝናብ የሚመጣ መስሎኝ» አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

እናቷ በጸሎትም በቁጣም ሞከረች። እኔ ደግሞ እንደ ነጋዴ አሰብኩ። ዕቃ እንዳይበላሽ መጋዘን ይገባል፣ ሐሳብም እንዳይበተን እንደዚያው ነው ብዬ ከነመጽሐፏ መጋዘን አስገባኋት። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ሳይ ጆንያው ሁሉ በየዓይነቱ ተደርድሯል፣ ወለሉ ተጠርጓል። መጽሐፉ የሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ተወትፏል። ያን ያህል የሚሠራ ሠራተኛ አግኝቼ አላውቅም... ትምህርቱ ግን የለም።

በዚህ መሀል ከአረካ ሽማግሌዎች ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ቤተሰቡ ደህና ነው፣ መሬትም አላቸው። ባለቤቴ «ትምህርቱ ካልገባት ምን ይጠበቃል?» አለች። እኔ መልሴን ከስምንተኛ ክፍል ፈተና በኋላ እሰጣለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ታደለች ከጓዳ ሆና ሰምታለች። በማግስቱ ውኃ እየቀዳችልኝ «አባዬ፣ ብወድቅ ትሰጠኛለህ?» አለችኝ። ውኃውን ጠጥቼ ጣሳውን መለስኩላት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ተበላ ከሚባለው ቆላ ጥጥ የሚያመጣልኝ ደላላ እርጥብ ጥጥ ይዞ መጣ። ደረቅ ነው ያልከኝ ስለው አላልኩም ብሎ ካደ። ታደለች ያኔ ቃል ሲገባም ሆነ አሁን ሲክድ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጣ ከጥጥ ውስጥ ፍሬ ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣ ሰውየው የማለውን ሁሉ አንድ ባንድ አወረደችው... መሀል ላይ ያስነጠሰውን ሳይቀር። ደላላው ጥጡን ጭኖ ተመለሰ።

እኔ ግን ጥጡን ረሳሁት። «ክፍል ውስጥስ እንዲህ የማትይዢው ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ክፍል ውስጥ እጄ ሥራ የለውማ።»

ይህን ይዤ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ጥጥ እየለቀመች ትማር ብዬ ለመንኩት። ትምህርት ቤቱን የሸማኔ ጎጆ ልታደርገው ነው ወይ የሚል ፊት አሳየኝ። ከሸዋ የመጣ ጠንቃቃ ወጣት ነው። እኔም እንደ ገበያ ሰው፣ ዕቃውን ሳያዩ አይመልሱት አልኩት። እሺ ብሎ ሱቅ መጣ።

ታደለች ጥጧን ይዛ ተቀመጠች። መምህሩ የኦሞን ወንዝ ከመነሻው ጀምሮ ማስረዳት ያዘ። ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ነው የሚያስተምረው። እሷ አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችውም። እሱም ተስፋ ቆርጦ ጨረሰና በይ ድገሚው አላት።

ታደለች ደገመችው። ከጊቤ ተነሥታ፣ ጎጀብን ቀላቅላ፣ በየቆላው ወርዳ... «እዚህ ጋ መምህር "ለግድግዳ ነው የማስተምረው" አሉ በቀስታ... ከዚያ ሩዶልፍ ሐይቅ ይገባል።»

መምህሩ ጆሮው ቀላ። እኔም ነገር ሲለሰልስ መግባት አውቃለሁና «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ተቀምጠው ሲያስተምሩ አላየሁም» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ ትሁን፣ ጥጡ ከጭኗ አይውረድ ብሎ ተስማማ።

መጀመሪያ ልጆቹ «ፈታይ» እያሉ አበሸቋት። እሷም «የለበሳችሁት ከሰማይ የወረደ መሰላችሁ?» አለቻቸው። እኔ ማታ ማታ፣ ትምህርቷን ጥጥ እያስያዝኩ አስደግማት ጀመር። እንደ ድሮው በአንዴ ሁሉን አልጠይቃትም... ትንሽ፣ ከዚያ ተነሥታ ትዞራለች፣ ከዚያ ትንሽ።

ዛሬ ግን ፈታኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ከእርሳስ በቀር ምንም አይገባም ብለው ጥጧን በር ላይ አስቀሩባት። ሱቁን ስከፍትና ስዘጋ የዋልኩት ለዚህ ነው። በመጨረሻ ባለቤቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፣ የታደለችን የጥጥ ቅርጫት ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ «እንካ አባቷ፣ ልቀም» ብላኝ ገባች።

ታደለች መጣች። ፀሐዩ ዘንበል ብሎ ነበር። ቀድመሽ ወጣሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«የመጨረሻዋ እኔ ነኝ... ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት እንጂ ገና እያረምኩ ነበር።»

እናቷ የልጅቷን ነጠላ ጫፍ አንሥታ አየችው። ጠዋት ልቅ የነበረው ዘርፉ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ገመድ ተገምዷል። ለረጅም ጊዜ ስትዳብሰው ቆየችና፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለአረካ ሰዎች ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት በላቸው አለችኝ።

እሺ ብዬ ልነሣ ስል ታደለች ቅርጫቱን አየችው። አንድ ፍሬ አልቀረበትም። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ለቀመው?» አለች።

ይቺ ልጅ በማን ወጣች እያልኩ ስንት ዘመን ስጠይቅ ኖርኩ... መልሱን ጭኔ ላይ አገኘሁት።